ጥቁር ገብስ፣ ነጭ ገብስ

ከዕለታት አንድ ቀን፣ መካኒሳ ላይ አንድም ቤት ባልቆመበት ዘመን፣ ትንሹ አቃቂ በሚያልፍበት ሜዳ እንስሳት አብረው ይኖሩ ነበር። በኋላ ጎመንና ሰላጣ የለማበት የወንዙ ዳር ያኔ ግጦሽ ነበር። አንድ ዓመት ክረምቱ ሲወጣ ሆድ የሚቆርጥ በሽታ ገባና ግልገሉም ጥጃውም ይወድቅ ጀመር።

አንበሳ ከወይራው ጥላ ሥር ጉባኤ ጠራ። አያ ጅቦ ማንንም ሳያስቀድም ተነሣና፣ «ጌታዬ፣ በሽታውን ያመጡት ፍየሎች ናቸው። በሄድንበት ሁሉ የምናየው የታመመ ፍየል ነው» አለ። ድምፁ ትልቅ ስለሆነ ብዙዎች ራሳቸውን ነቀነቁ። ፍየሎቹ ከሜዳው እንዲባረሩ ሊፈረድ ሲል አንበሳ፣ «አስቀድሞ ይቆጠር» ብሎ ጉንዳኖችን አዘዘ።

ጉንዳኖች ታማኝ ናቸው። ለእያንዳንዱ በሽተኛ አንድ ፍሬ ገብስ እየተሸከሙ አምጥተው ወይራው ሥር ከመሩት። እንስሳቱ ክምሩን ከበው አዩና «ብዙ ነው» አሉ፤ ከዚያ ያለፈ የሚሉት አጡ። የትኛው ፍሬ የማን እንደሆነ፣ በሽተኛው የት እንደሚውልና ከየት እንደሚጠጣ ክምሩ አይናገርም።

እመት ጦጢት፣ «እኔ አሳምሬ ላሳያችሁ» ብላ ጉንዳኖቹን እየጠየቀች ገብሱን በየወገኑ ለየችው። መለየቷ መልካም ነበር። ነገር ግን አያ ጅቦ በጆሮዋ አንሾካሾከላትና የፍየሎቹን ገብስ በባቄላ ተካችው። ቁጥሩ አልተለወጠም፤ 30 የነበረው ያው 30 ነው። ዓይን ግን ከመቁጠሩ በፊት መጠን ያያልና የፍየሎቹ ክምር ከሌላው ሁሉ ገዝፎ ታየ። እንዲህ ያለው አቀራረብ ከሐሰት ቁጥር ይከፋል፤ ቢመረመር አንድም የተዛባ አኃዝ አይገኝበትም፣ ፍርዱን ግን ያጣምማል።

ይህን ጊዜ እማማ ኤሊ ቀስ ብላ ወደ መሐል መጣች። «ጌታዬ፣ ባቄላው ይነሣ። ለሁሉም አንድ ዓይነት ፍሬ ይሁን» አለችና ወደ ጉንዳኖች ዞረች።

«ልጆቼ፣ ፍየሎቹ በጠቅላላ ስንት ናቸው?»

«300»።

«የታመሙትስ?»

«30»።

«ከየት ይጠጣሉ?»

«ከላይኛው ምንጭ»።

«ከታች፣ ወንዙ ከሚጠመዘዝበት የሚጠጡት ላሞችና አህዮችስ?»

«25 ናቸው፤ 20 ታመዋል»።

ከፍየሎቹ ከ10 አንዱ፣ ከታች ከሚጠጡት ግን ከ10 ስምንቱ! 30 ከ20 ይበልጣል ብሎ ለማባረር የቸኮለው ሁሉ በሽተኛውን እንጂ ጤነኛውን እንዳልቆጠረ ያኔ ገባው።

ኤሊ ግን አልጨረሰችም። «ሌሊት የቆጠረ አለ?» ብላ ጠየቀች። ማንም አልነበረም። በእኛም አገር ሦስተኛው የሕዝብና ቤቶች ቆጠራ በአብዛኞቹ ክልሎች የተካሄደው በግንቦት 1999 ዓ.ም. ሲሆን በአፋርና በሶማሌ ግን በኅዳር 2000 ዓ.ም. ነበር፤ ሁሉን በአንድ ወቅት ማግኘት አይቻልም፤ ያልተገኘውን ደግሞ እንደሌለ መቁጠር በደል ነው። ጉንዳኖቹም በጨረቃ ወጡ። ከዚያው ከታችኛው ውሃ የሚጠጡ 10 የጅብ ግልገሎች አገኙ። ስምንቱ ታመዋል።

በማግሥቱ ኤሊ መሬቱን አስጠረገች። ለጤነኛ ነጭ ገብስ፣ ለበሽተኛ ጥቁር ገብስ፤ በየመጠጫው እየለየች፣ አሥር አሥር ፍሬ በአንድ መስመር አስደረደረች። የላይኛው ምንጭ መስመሮች ሁሉ ነጭ ሆነው በየጫፋቸው አንዳንድ ጥቁር ታየባቸው። የታችኛዎቹ ጠቆሩ። ንግግር አላስፈለገም፤ ትናንት የተወለደች ግልገል እንኳ ከየትኛው ውሃ መራቅ እንዳለባት አየች።

አያ ጅቦ የልጆቹን መስመር ሲያይ ድምፁ ጠፋ። ከውሃው በላይ የበሰበሰ ቆዳና አጥንት የሚጥለው የእሱ ወገን ነበርና። «አጥንቱን እኔ አነሣለሁ» አለ፤ አነሣም። ፍየሎቹም ከሜዳቸው አልተነቀሉም።

እንዲህ ያለው ቆጠራ በተረት ብቻ አይደለም፤ መካኒሳ ባለችባት በአዲስ አበባ በ1993 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በመቃብር ስፍራዎች የሚፈጸሙትን ቀብሮች መመዝገብ ጀመሩ። መዝገቡ በዕድሜና በፆታ ተለይቶ ሲተነተን ኤድስ በጎልማሶች ላይ ያደረሰው ጉዳት ታየ። ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነጻ ሲሰጥ ደግሞ ሞቱ እየቀነሰ መሄዱ ከዚያው መዝገብ ታወቀ።

የመካኒሳ የዕድር ጸሐፊዎች፣ በእጃችሁ ያለው መዝገብም ከዚህ አያንስም። ከሟቹ ስም ጎን ዕድሜውንና መንደሩን ጻፉ፤ በየዓመቱ በሕይወት ያሉትን አባላትም ቁጠሩ፤ ለጠቅላላ ጉባኤው ስትቀርቡም የገንዘቡን ሒሳብ ብቻ ሳይሆን ይህንንም በአንድ ገጽ አሳዩ።