እሾሃሙ ያገሬ ልጅ

ቡናው እስኪፈላ አንድ ነገር ላጫውታችሁ። ጥቅምት ነው፣ ጽጌ ጾም። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ሙግት ቤሩትም ተከትሎን መጥቶ አላለቀም፤ እሱን እንተወውና፣ እሑድ ጓደኞቼ ገንዘብ አዋጥተው «ራውሼ ውረጂና ትኩስ ዓሣ ገዝተሽ ነይ» አሉኝ። የእሑድ እረፍት ለሁሉም አይሰጥም፤ ያገኘን ግን ባሕር ዳር ካልወጣን እሑድ አይመስለንም።

ከትልልቆቹ ቋጥኞች አጠገብ፣ ዳሊየ በሚባለው ዓለታማ ዳርቻ፣ የአጥማጆች ትንሽ ወደብ አለች። ቀጥ ብሎ እዚያ መሄድ ነበር። እኔ ግን መንጠቆ ላይ ሊጥ የሚለጥፉ አንድ ሽማግሌ ጋ ቆምኩ። በዚህ ወቅት ባሕሩ የበጋውን ሙቀት ገና አልለቀቀም፤ ዓሣው ዓለቱ ላይ የበቀለውን አረንጓዴ ሊግጥ ይጠጋል። «አሞ፣ እንዴት ዋሉ?» ስላቸው ደስ አላቸውና «ያ ቢንቲ፣ ቡና ገዝቼ እስክመጣ ያዥልኝ» ብለው ዘንጉን ሰጡኝ።

ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባል የለ? ገመዱ ተወጠረ፣ ሳብኩ፣ መዳፍ የሚያህል ቡናማ ዓሣ እየተንፈራገጠ ወጣ። አፈፍ ሳደርገው የጀርባው እሾህ አውራ ጣቴ ውስጥ ገባ። እሪ አልኩ! የእሑድ ራውሼን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ የሚሮጠው ቆመ፣ አርጊሌ የሚስበው ተነሣ፣ የማዳሟን ልጅ በጋሪ የምትገፋ አበሻ ሳትቀር «ውይ እኅቴን!» እያለች መጣች። ሽማግሌው ከቡና አዟሪው ሙቅ ውኃ አስቀድተው ጣቴን ነከሩት። ጣቴ ኩባያ ውስጥ፣ እንባዬ ጉንጬ ላይ፣ አላፊ አግዳሚው ከቦኝ አንዱ ሎሚ፣ ሌላው ኮምጣጤ እያለ ሲመክረኝ ተቀመጥኩ።

ሕመሙ ሲበርድልኝ ሽማግሌው «ይሄ እኮ ከእናንተ በኩል የመጣ ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ሊቃውንት ሲጋነስ የሚሉት ይህ ዓሣ፣ የስዊዝ ቦይ በ1869 እ.ኤ.አ. ከተከፈተ በኋላ ከቀይ ባሕር ከተሻገሩት አንዱ ነው። ዛሬ የቤሩት ሰው ጠብሶ ይበላዋል፣ ባዕድ የሚለውም የለም። ጣቴን ቢወጋኝም ቤተኛ መሆኑን ወደድኩለት። የእኛ መኖሪያ ፈቃድ እኮ በከፋላ ከአሠሪ ጋር እንደታሰረ ነው፤ ማዳም ከተቀየመች ሁሉም ይፈርሳል። ይህ መቅረት አለበት።

ራውሼ የምትወርዱ እኅቶቼ፣ እሾሁ ከወጋችሁ ቆዳ በማይልጥ ሙቅ ውኃ ንከሩት፤ መርዙን ሙቀት ያረክሰዋል። በዚያው ቦይ የመጣውን ሆዱን የሚነፋ ዓሣ ግን እሳት አያሸንፈውም፣ ይገድላልና ለድመትም አትስጡ።