እናቴ የመረጠችው መንገድ

እህቴ ከሚላን ስትደውል ወትሮ የምትጀምረው ከእናታችን ጉልበት ነው፤ በ2017 ፋሲካ ማግስት ግን የጀመረችው ከጣሊያን ካርታ ነበር። እናታችንን፣ እኔንና ባለቤቴን፣ ልጆቻችንን፣ የትልቋን ልጄን ጨቅላ ሳይቀር በክረምቱ ወስዳ አንድ ቤት ልታሳርፈን አስባለች። ለዓመታት ያጠራቀመችውን ገንዘብ ያስቀመጠችው ለዚህ ነው። በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኳት ታናሼ ይህን ስትለኝ ድምፄ ተሰበረ።

ወዴት እንሂድ የሚለው ግን ሌላ ነገር ሆነ። ለሕፃናቱ ሪሚኒ ይሻላል አለች፤ የአድሪያቲክ ባሕር እዚያ ጥልቀቱ ቀስ እያለ ስለሚጨምር ልጆች ሳይሰጉ ይጫወታሉ። ባለቤቷ ለሚላን የሚቀርበውን የጋርዳ ሐይቅ ወደደ። ልጄ ቬኒስን አነሣች፤ እኔ ተቃወምኩ። ከ400 በላይ ድልድይ ያለበት፣ አብዛኛውም በደረጃ የሚወጣና የሚወረድ ከተማ ጉልበቷን ለሚያማት እናት ማረፊያ አይሆንም። የእኔ ልብ ሮም ላይ ነበር። የታሪክ መምህር ነኝ፤ ቫቲካን ውስጥ የኢትዮጵያ መነኮሳት ይኖሩበት የነበረውን የቅዱስ እስጢፋኖስን ቤተ ክርስቲያን ሳስተምርበት ኖሬያለሁ። የደብረ ሊባኖሱ አባ ተስፋ ጽዮን እዚያ ተቀምጠው ነው በ1548 እና በ1549 እ.ኤ.አ. የግዕዙን ሐዲስ ኪዳን ሮም ላይ ያሳተሙት። ይህን ለእናቴ ስነግራት ጸጥ ብላ ሰማችኝና፣ "ደረጃው ስንት ነው?" አለችኝ። እኔ ስለ ደረጃው አላውቅም ነበር።

ከዚያ ወረቀቱ መጣ። የሼንገን ቪዛ ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው። ዕድሜው 12 የሞላ ሁሉ አሻራ ለመስጠት በአካል መቅረብ አለበት፤ እኛ ደግሞ አሶሳ ነን፤ አዲስ አበባ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቀናል። ቢያንስ 30 ሺህ ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የሕክምና መድንም ይጠየቃል። ይህን ሁሉ እህቴ በገንዘቧ ልትወጣው ትችላለች። የእናቴን የልደት ቀን ግን ገንዘብ አያመጣውም። የተወለደችው አምባሰል ነው፤ ዘመኑን የምታውቀው "ጣሊያን የወጣ ዓመት" በሚለው ብቻ ነው። ፓስፖርት የልደት ካርድ ይፈልጋል፤ የልደት ካርድ ቀንና ወር ይፈልጋል፤ ክረምቱ ደግሞ እየገባ ነበር።

እዚህ ላይ ነው የቤተሰባችንን ጉዳይ ማንሳት ያለብኝ፤ ያለዚያ የቀረው አይገባም። እኛ ወደ አሶሳ የመጣነው በ1977 ነው። ያን ጊዜ የደርግ መንግሥት 1.5 ሚሊዮን ሰው ከተራቡት አውራጃዎች አንሥቶ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ አሰፍራለሁ ብሎ ተነሥቶ ነበር፤ በ1978 ዘመቻው እስኪገታ ድረስ 600 ሺህ ያህል ሰው ተወስዷል። እናቴ ከእርዳታ ጣቢያ ልጆቿን ይዛ መኪና ላይ ስትወጣ የት መሄድ እንደምትፈልግ የጠየቃት አልነበረም። ለም አገር ነው ተባለች፤ በቃ። የደረሰችበት መንደር ቁጥር እንጂ ስም አልነበረውም፤ ዛሬም በአሶሳ ዙሪያ ያሉት የሰፈራ ቀበሌዎች ቁጥራቸውን ይዘው ነው የሚጠሩት። የመጀመሪያው ክረምት ወባም ረሃብም ነበረው። ከጎረቤት መንደር የመጡ የበርታ ሴቶች የቀርከሃ ቀንበጥ እንዴት ተልጦ፣ ተከትፎና ተቀቅሎ እንደሚበላ አሳዩዋት። እኔ ትልቅ ልጅ ስለነበርኩ በደንብ አስታውሳለሁ፤ እህቴ ገና ሦስት ዓመቷ ነበር።

ከዚያ ወዲህ እናቴ የኖረችው ሌላ ሰው በመረጠላት ቦታ ነው። ይህን ሳስብ እኛ ልጆቿ ከሚላንና ከአሶሳ ሆነን ስለ ሪሚኒና ስለ ጋርዳ የምንከራከረው፣ በፍቅርም ቢሆን፣ ያንኑ ነገር መልሰን ልናደርግባት ነው የሚል ስሜት አደረብኝ። እህቴን፣ "ካርታውን እጠፊውና እሷን እንጠይቃት" አልኳት።

ሐይቅን፣ በወሎ ያለውን፣ ትላለች ብለን ነበር የጠበቅነው። አገሯ ነው፤ ውሃውን እያየች ነው ያደገችው። "ሐይቅ የትም አይሄድም፤ የማውቀውም ነው" አለች። "ሳላየው የከፈልኩበትን አሳዩኝ። ግድቡን።"

እናቴ የህዳሴ ግድቡን ቦንድ ገዝታለች፤ መጋቢት 24 ቀን 2003 የመሠረት ድንጋዩ ከተጣለ ጀምሮ በየዕድሩ በተሰበሰበው መዋጮ ሁሉ እጇ አለበት። ግድቡ በእኛው ክልል፣ በጉባ ወረዳ ነው። ነገር ግን ክልላችንን ዓባይ ለሁለት ይከፍለዋል፤ አሶሳና ካማሺ በወዲህ፣ መተከል በወዲያ ናቸው፤ ብዙ የአሶሳ ሰው መተከልን ሳያይ ያረጃል። ለሚላኖቹ ልጆችም ምርጫው የራቃቸው አልነበረም። ዋናውን ግንባታ የያዘው ሳሊኒ፣ ዛሬ ዊቢልድ የሚባለው ኩባንያ፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ እነሱ ባደጉባት በሚላን አካባቢ ነው። ይኸው ሳሊኒ ገና በ1978 በጣሊያን መንግሥት ገንዘብ በተጀመረው የጣና በለስ ፕሮጀክት ፓዌ ላይ ሠርቷል፤ ፓዌ ደግሞ እንደ እኛው ያሉ ሰፋሪዎች አገር ነው። 1,780 ሜትር የሚረዝም፣ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ የሚይዝ፣ 5,150 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ግድብ አያታቸው ከነገረቻቸው ነገር ሁሉ እንደሚበልጥ ለልጆቹ ነገርኳቸው።

ክፉው ነገር ወቅቱ ነው። ጣሊያን ውስጥ ሥራ የሚዘጋው በእነሱ ኦገስት ነው፤ የወሩ ትልቁ በዓላቸው ኦገስት 15 ለእኛ ነሐሴ 9 ይውላል። ያን ጊዜ አሶሳ ዝናቡ የሚያባራበት ሰዓት የለም፤ እናቴም ፍልሰታን ትጾማለች። እህቴ ግን ሌላ ፈቃድ አልነበራትም። በወለጋ በኩል ያለው መንገድ ለዓመታት ስጋት ስላልተለየው ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ነው የሚመጡት፤ የተሳፈሩበት አውሮፕላን አሶሳ ሰማይ ላይ ደርሶ ደመናው አላሳርፍ ብሎት ተመለሰ። እናቴ ከአየር ማረፊያው በር ላይ ጃንጥላ ይዛ ድምፁን ሰምታ ነበር። በማግስቱ ሲደርሱ ትንሹ የእህቴ ልጅ ሮጦ በጣሊያንኛ "ኖና!"፣ አያቴ፣ ብሎ እግሯ ላይ ተጠመጠመ። እሷም አንገቱን እየሳመች በወሎ አማርኛ መረቀችው።

ሚኒባስ ተከራየን፤ የጉብኝት ደብዳቤውን በኪሴ ይዤ፣ በሆሞሻ አድርገን ወደ ሸርቆሌ አቅጣጫ ወጣን። እናቴን ከፊት አስቀመጥናት። ጨቅላው ከኋላ በእናቱ እቅፍ ነው፤ ሁለቱ የሚላን ልጆች በመስኮት ቀርከሃውንና የማንጎ ዛፉን ይቆጥራሉ። ከሆሞሻ ብዙም ሳንርቅ ዝናቡ ወረደ። መንገዱን የሚያቋርጥ ወንዝ ደራሽ ይዞ ሞልቶ ቆየን፤ ሾፌሩ ይጎድላል ብሎ ዳር ላይ ሲጠብቅ የኋላ ጎማው ጭቃው ውስጥ ተቀረቀረ። ወንዶቹ ወርደን ገፋን፤ ድንጋይ ደረደርን፤ ቅርንጫፍ ጎማው ሥር አነጠፍን። መሸ። እህቴ ማልቀስ ጀመረች። "አያ፣ ሪሚኒ ብንሄድ ኖሮ ይሄኔ ልጆቹ አሸዋ ላይ ነበሩ" አለችኝ። የምመልስላት አልነበረኝም።

የደረሱልን ከአጠገባችን ካለው መንደር የመጡ ወጣቶች ናቸው። እናቴ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ አነጋገረቻቸው፤ በበርታ ቋንቋ። እኔ ገበያ ላይ ስትገዛና ስትሸጥ ስትናገረው ሰምቻለሁ፤ እህቴ ግን በወጣትነቷ ከአሶሳ ስለወጣች እናታችን እንዲህ አቀላጥፋ እንደምትናገር አታውቅም ነበር። ወጣቶቹ እናቴን በወንበር ተሸክመው ጭቃውን አሻገሯት። ትልቁ የእህቴ ልጅ አፉን ከፍቶ ያያታል። እኛ መንገድ ላይ ልጆችና ሻንጣ ስንቆጥር፣ የት እንደምናድር፣ ማን ከማን ጋር እንደሚተኛ፣ ለማን ምን እንደሚሰጥ ወስና የጨረሰችው እሷ ነበረች።

ያደርንበት ግቢ ባለቤት በእናቴ ዕድሜ የምትሆን ሴት ናት። ልጇ ለእንግዳ ዶሮ ልረድ ሲል እናቴ ጾም ላይ እንደሆነች ነገረቻቸው። አሮጊቷ ሳቀችና ወደ ጓዳ ገባች። የመጣልን የማሽላ ገንፎ ነው፤ ከጎኑ የባሚያ ወጥ፣ በሌላ ሳህን ደግሞ ተከትፎ የተቀቀለ የቀርከሃ ቀንበጥ፤ ቀንበጡ የሚወጣው በክረምት ነውና ትኩስ ነበር። እናቴ ሳህኑን ወደ እህቴ ገፋ አድርጋ፣ "ይኸን በልተሽ ነው የዳንሽው" አለቻት። እህቴ ከእርዳታ ጣቢያው፣ ከመኪናው፣ ከወባው ጀምሮ ያለውን ሁሉ ያን ሌሊት በጥያቄ አወጣጣቻት። እኔ ለዓመታት ታሪክ ሳስተምር እናቴን እንዲህ ጠይቄያት አላውቅም። ሁለቱ አሮጊቶች የ1977ን ክረምት እየተቀባበሉ ሲያወሩ፣ እናቴ ለእህቴ በአማርኛ፣ እህቴ ለልጆቿ በጣሊያንኛ እየመለሱ አመሹ። ትንሹ ልጅ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ዙምባራ አውርዶ ነፋ፤ የቅል መለከት ነው፤ አንዱ አንድ ድምፅ ብቻ ስለሚያወጣ ዜማው የሚሞላው ብዙ ሰው ሲነፋ ነው። የአሮጊቷ የልጅ ልጆች የየራሳቸውን ይዘው መጡ፤ ቤቱ በድምፅ ተሞላ፤ ጨቅላው ግን አልነቃም።

በማግስቱም ወንዙ አልጎደለም። የእህቴ የመመለሻ በረራ ስለደረሰ ግድቡን ሳናይ ተመለስን። በመልሱ ላይ ከሱዳን በኩርሙክ በኩል የገቡ ስደተኞች ጥቅልላቸውን ተሸክመው በመንገዱ ዳር ሲሄዱ አገኘን፤ ጦርነቱ በሚያዝያ 2015 ከተነሣ ጀምሮ ይህ በእኛ አገር የተለመደ ሆኗል። እናቴ ሾፌሩን አስቁማ የተረፈንን ስንቅ በሙሉ አወረደችላቸው፤ የልጆቹን ብስኩት ጭምር። ልጆቹ አልተቃወሙም።

አሁን እርግጠኛ ሆኜ የምናገረው ይህን ነው። ሪሚኒም ሮምም መልካም ቦታዎች ናቸው፤ ለእናቴ ግን እዚያ እኛ እጇን ይዘን የምናዞራት እንግዳ ትሆን ነበር። በሆሞሻ መንገድ ላይ ያዞረችን እሷ ናት። አያት ቋንቋውን የምታውቅበት፣ ሰው የምታነጋግርበት፣ ለልጅ ልጆቿ "ይህ ምንድን ነው?" ሲሏት የምትመልስበት ቦታ፣ መንገዱ ጭቃም ቢሆን፣ ቀድሞ መመረጥ ነበረበት። እህቴም ጳጉሜን 4 የግድቡን ምረቃ በየቤታችን በቴሌቪዥን ካየን በኋላ ስትደውል ስለ ሪሚኒ አላነሣችም፤ የጠየቀችው መንገዱ መቼ እንደሚደርቅ ነው።

ሾፌሮቹ ከኅዳር በኋላ ይላሉ። የጣሊያን ትምህርት ቤቶች ለገናቸው ዘግተው የሚከፍቱት ደግሞ በታኅሣሥ 29፣ ልክ በእኛ ገና ቀን ነው። እናቴ ልጆቹ ገናን ሳይውሉ አይሄዱም ብላለች፤ እህቴ ከአስተማሪዎቻቸው ተጨማሪ ቀን ለመጠየቅ ደብዳቤ ጽፋለች፤ እኔም ያለፈውን የጉብኝት ፈቃድ ለማሳደስ አመልክቻለሁ። እናቴ ለአሮጊቷ የምንወስደውን በርበሬ አስፈጭታ ጨርሳለች፤ ሚኒባሱን ትተን ባለ ከፍተኛ ሻንሲ መኪና እንድንከራይም አዛናለች።