ጎል የማይገባበት ጨዋታ

ንጉሥ ሄንሪ 6ኛ እ.ኤ.አ. በ1440 ለ70 ድሀ ልጆች ነጻ ትምህርት እንዲሰጥ ያቋቋመው የእንግሊዙ የወንዶች አዳሪ ትምህርት ቤት ኢተን፣ ድህነትን ለማጥፋት አጭሩን መንገድ መርጦ ግቢውን በባለጸጋ ልጆች ሞልቶታል። «ፋጊንግ» የተባለው ልማድ፣ ማለትም ታናሹ ተማሪ ለታላቁ ዳቦ እየጠበሰና ጫማ እየወለወለ የሚያድርበት ሥርዓት፣ ለነገ አዛዦች መታዘዝን ያስተምራል ተብሎ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ማምሻ ድረስ ይሞገስ ነበር፤ ከዳቦው ለጠባሹ ይድረሰው አይድረሰው ግን አሞጋሾቹን ያሳሰባቸው አይመስልም። «የግንብ ጨዋታ» ደግሞ ልጆቹ በረጅም የጡብ ግንብ ሥር ጭቃ ውስጥ ተቆላልፈው፣ ፊታቸውን በጡብ እያስፋቁ የሚገፋፉበት ሲሆን፣ በዓመታዊው የቅዱስ እንድርያስ ዕለት ግጥሚያ ጎል ለመጨረሻ ጊዜ ከገባበት ከ1909 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል። ሀያ የብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትሮች ከዚሁ ግቢ መውጣታቸውን የሚያውቅ፣ የለንደን ፓርላማ ክርክር ለምን እንደሚንዛዛ ለመገመት አይቸገርም።