የጭስ ቅርስ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ

በዋሽንግተን ዙሪያ ያሉ የመኖሪያ ዳርቻዎች፣ ማለትም ነዋሪያቸው ለሥራ ወጥቶ ለእንቅልፍ የሚመለስባቸው ሰፈሮች፣ የፋብሪካ ዘመናቸውን የሚወዱት ካለፈ በኋላ ነው። በሲልቨር ስፕሪንግ እ.ኤ.አ. በ1946 የተሠራው የካናዳ ድራይ የለስላሳ መጠጥ ፋብሪካ ክብ መግቢያው ተጠብቆ አብዛኛው ክፍል ፈርሶ በቦታው መኖሪያ ተተክሏል፤ በአሌክሳንድሪያም ከ1949 ጀምሮ የድንጋይ ከሰል ሲያነድ የኖረው የኃይል ማመንጫ፣ ነዋሪው ስለ ጥቀርሻው ለዓመታት ካማረረ በኋላ፣ በ2012 ተዘግቷል።

ከሁሉ የሚልቀው የአሌክሳንድሪያው የቶርፒዶ ፋብሪካ ነው። ቶርፒዶ መርከብ ለማስመጥ በውኃ ውስጥ የሚወነጨፍ ፈንጂ ሲሆን፣ የፋብሪካው ግንባታ የተጀመረው ኖቬምበር 12 ቀን 1918፣ አንደኛው የዓለም ጦርነት በቆመ ማግስት ነው፤ ይህም በሐበሻ ቀጠሮ ሲመዘን መዘግየት ሊባል አይችልም። ሕንፃው ለሁለተኛው ጦርነት ደርሶ ካመረተ በኋላ በ1974 የሠዓልያን ማዕከል ሆነ።

ኢንዱስትሪው ከዳርቻው ጠፋ የሚሉ ሊቃውንት የአፓርትመንቱን ደረጃ ወጥተው ያዩ አይመስልም። በዋሽንግተን ዩ ስትሪት አካባቢ የቤት ኪራይ አልቀመስ ካለ ወዲህ በሁለቱ ዳርቻዎች የበረከቱት ኢትዮጵያውያን፣ ማንም ሳያስተውል ምርቱን ቀጥለዋል። ሊጡ በባልዲ ሆኖ ማሞቂያው አጠገብ ይቦካል፣ የኤሌክትሪክ ምጣዱ ቅዳሜ ከጠዋት ጀምሮ ይሰማል፣ የሥራ ኃላፊዋም፣ ብዙውን ጊዜ ለልጅ አራስ ጥየቃ መጥተው በዚያው የቀሩ እማማ፣ ከሰዓት በኋላ ቡና ወደ መቁላት ይሻገራሉ። የጉልበት ሥርዓቱም እንደ ፋብሪካ በፈረቃ ነው፤ አባት ከፓርኪንግ የሌሊት ሥራ ሲገባ እናት ወደ ሆስፒታል ትወጣለች፣ የሚገናኙትም በበሩ ላይ ነው። ቡናው ጠቆር ሲል የሕንፃው አላርም ይጮኻል፣ ነዋሪው ሁሉ ካፖርቱን ደርቦ ወደ ውጭ ይወርዳል፣ እማማም መስኮት ከፍተው በሰፌድ ያራግባሉ፤ ጩኸቱ የጥንቱን የፋብሪካ ፊሽካ ቢያስታውስም፣ ያ ሠራተኛን ወደ ሥራ ይጠራ ነበር፣ ይህ ግን የእሳት አደጋ መኪና ይጠራል።

ምጣዱ በቅርስነት እንዲመዘገብ ማመልከት ግን ጊዜው ገና ነው፤ በአካባቢው ልማድ አስቀድሞ መዘጋት ይኖርበታል።