ውስጡን ለቄስ

አጎቴ አሮጌዋን ማሲ ፈርጉሰን ትራክተራቸውን ሊያስቀቡ ማሰባቸው ሆሳዕና ውስጥ ከተሰማ ወዲህ ቤታቸው እንደ ለቅሶ ቤት ሰው አይጠፋበትም። የመጣው ሁሉ ቡናውን ፉት እያለ ስለ ቀለም ይፈርዳል።

«ማሲ መቼም ቀይ ናት» ይላል አንዱ።

«ጋሼ፣ አረንጓዴ ይቀቧትና ጆን ዲር ትሁን» ይላል ሌላው፣ ፈገግም ሳይል።

ድሮ ናዝሬት ይገጣጠም የነበረውን ቤላሩስ ነድተው ጡረታ የወጡት ጎረቤት ደግሞ ሁለቱንም ይንቃሉ። እሳቸው እንደሚሉት ኮፋኖውና ፓራፋንጎው ቀይ፣ ሞተሩና ካምቢዮው ግራጫ ነው መሆን ያለበት። እውነታቸውን ነው፤ ማሲ 35 ከፋብሪካ የወጣችው በቀይና በግራጫ ነበር። ግን ማን ይሰማቸዋል? ግራጫ ለሰርግ አያምርም ተባሉ። ትራክተሯ የሻሾጎን ሜዳ ልታርስ እንጂ ልትዳር አለመሆኑን ያስታወሰ አልነበረም።

ይህ ሁሉ ሰው ሲከራከር «ከቀለሙ ስር ምን ይቀባ?» ያለ አንድም የለም። ቀለም ቀቢው ራሱ «አንቲረስት ምን ያደርጋል? ቀለሙ ይሸፍነዋል» ብሎ አረፈው። መሸፈኑንማ ይሸፍነዋል። ዝገት ግን ስለተሸፈነ አይሞትም፤ እርጥበትና አየር ባገኘ ቁጥር ያብጣል፣ ከበላው ብረት የሰፋ ቦታም ስለሚይዝ ቀለሙን ከስር ገፍቶ ይጥለዋል።

እኔን ቢጠይቁኝ (አልጠየቁኝም) ከሁሉ በፊት ቅባቱ ይልቀቅ እላለሁ። ስንት ዘመን ናፍታና ዘይት በጠጣ ብረት ላይ ምንም ነገር አይዝም። ከዚያ የሽቦ ብሩሽ፣ ከዚያ የብርጭቆ ወረቀት። ቀዩ አንቲረስት ርካሽ ነው፣ ደህናም ነው፤ ብቻውን ግን ውሃ ያሳልፋልና የላይኛው ቀለም ሳይደረብበት ዝናብ ላይ አይተውም። ኤፖክሲው ይበልጣል፤ ብረቱን አጥብቆ ይዘጋል። ችግሩ ማጠንከሪያው አንዴ ከተቀላቀለ ቡና ተፈልቶ እስኪጠጣ አይጠብቅም፣ ቆርቆሮው ውስጥ ይደርቃል። የእኛ ከተማ ቀለም ቀቢ ደግሞ ከነቡናው ነው።

አሮጌው ቀለም ሳይነሳ ሊቀባበት ከሆነ ቲነር የነካ ጨርቅ ጥግ ላይ ያሹበት። ከሟሟ ወይም ከተሸበሸበ፣ በኃይለኛ ቲነር የሚቀጥነው ናይትሮ ሲነፋበትም ያው ነው የሚሆነው። ስቱኮም ቢሆን ሳይቀባ ካደረ ውሃ ይመጥጣል።

ሲፈገፈግ የሚነሳው አቧራም ቀልድ አይደለም። በአገራችን በቀለም ውስጥ የሚፈቀደውን እርሳስ በሚሊዮን 90 እጅ ብቻ ያደረገው ደንብ የወጣው በ2010 ዓ.ም. ነው፤ አሮጌ ትራክተር ላይ ያለው ቀለም ከዚያ በፊት የተቀባ ሊሆን ስለሚችል እርሳስ ይኖርበት ይሆናል። በውሃ እያራሱ ይፈግፍጉት፣ አፍና አፍንጫ ይሸፈን፣ ሕፃናት ይራቁ።

አጎቴ ግን ቀዩን ቀለም ገዝተው ጨርሰዋል፤ ቅቡ ሐምሌ ላይ ነው ተብሏል። በሆሳዕና ሐምሌ! ናይትሮ በእርጥብና በቀዝቃዛ አየር ሲነፋ ጤዛ ይይዝና እንደ ወተት ይነጣል። የምታውቋቸው ካላችሁ እባካችሁ ጥቅምት ይሁን በሏቸው፤ እግረ መንገዳችሁንም አንቲረስቱን አስገዟቸው።