የሦስት ቅጂ ሎሬት

ገጣሚ ለመባል ዋይፋይ ካለ በቂ ነው። አርታኢ ስንኝ እየሰረዘ የሚያናድድበት፣ ማተሚያ ቤት «ቀብድ አምጣ» እያለ የሚያመላልስበት ዘመን አለፈ። አማዞን በ2007 (እ.ኤ.አ.) ኪንድል የተባለውን የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ ካወጣ ወዲህ መድበሉን ማታ የጫነ ሁሉ በማግስቱ ደራሲ ሆኖ ይነሳል። ወረቀት አይወደድበት፤ እምቢ የሚለው የለ። አንባቢም የለም፤ ግን እሱን ማን ጠየቀ?

ወቀሳ ሲመጣ የሚጠሩት ምስክር ዋልት ዊትማንን ነው። እውነት ነው፤ አሜሪካዊው ባለቅኔ «የሣር ቅጠሎች»ን በ1855 ያሳተመው በራሱ ገንዘብ ነው፤ ከፊሉን የእርሳስ ፊደልም በእጁ ደርድሯል። ግጥሞቹ 12 ብቻ ነበሩ። ስሙን ደብቆ የገዛ መጽሐፉን የሚያሞግስ ሂስም ጽፏል። የዛሬዎቹ ደቀ መዛሙርት ከመምህራቸው ገድል በቃላቸው የያዙት ይህችኑ ነው፤ ደግሞም ቀላል ሆናለች፤ አምስቱን ኮከብ የአክስት ልጅ ትሞላዋለች።

ዊትማን ያንኑ መጽሐፍ እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ 1892፣ ሲያርምና ሲጨምርበት መኖሩን ግን የሚያነሳ የለም። ጊዜ ከየት ይምጣ? አማዞን በ2023 አንድ ሰው በቀን ከ3 በላይ አዲስ መጽሐፍ እንዳይጭን ከልክሏል። በቀን ሦስት! ተጨቆኑ እኮ።

ዝናውም አያስቸግርም። በ2016 ብሬንት አንደርዉድ የተባለ የመጻሕፍት ገበያ ባለሙያ የገዛ እግሩን ፎቶ «መጽሐፍ» ብሎ ጫነ። ሦስት ቅጂ እንደተሸጠ በአንድ ጠባብ ዘርፍ «የሽያጭ ቁንጮ» ተባለ። እግር እንዲህ ከከበረ ልብ ተሰብሮ የተጻፈ ግጥም ምን ሊሆን ነው!

የገንዘቡ ነገር ትንሽ ያስተክዛል። በ99 የአሜሪካ ሳንቲም የተተመነ መድበል ለደራሲው የሚያስገባው 35 በመቶውን ነው። ክፍያውን በቼክ የመረጠ ደግሞ ሒሳቡ 100 ዶላር እስኪሞላ ይጠብቃል፤ ከ280 በላይ ገዢ ማለት ነው። እድርተኛው በሙሉ ቢገዛም አይሞላም።

ሐበሻው ገጣሚ እዚያ ሳይደርስ መድበሉ በፒዲኤፍ ቴሌግራም ላይ ይወጣል። «ላቤን ተዘረፍኩ» ብሎ በፌስቡክ ይጮሃል፤ ሌሊት ላይ ግን ቻናሉን ከፍቶ ስንት ሰው እንዳየው ይቆጥራል።