ዘይቱ ከአሜሪካ መጣ፤ ግፊቱስ የት ሄደ?

እትዬ፣ ልጅዎ የላከልዎትን የዓሣ ዘይት አየሁት። አሳቢ ልጅ ነው፣ ይባረክ። ግን «እሱን ከጀመርኩ ወዲህ የግፊት ኪኒኔን ትቻለሁ» ሲሉኝ ዝም ማለት አቃተኝ።

«ለልብ ፍቱን ነው ይላል» ይሉኛል።

ማን ነው የሚለው? ጠርሙሱ? የራሱን ሸቀጥ የሚያማ ጠርሙስ የት አይተዋል! እ.ኤ.አ. በ2018 ውጤቱ የወጣው ቫይታል የተባለ የአሜሪካ ጥናት 25,871 ሰዎችን ከአምስት ዓመት በላይ ተከታትሏል። ግማሾቹ ከዓሣ ዘይት የሚገኘውን ኦሜጋ 3 የተባለ ቅባት በየቀኑ 1 ግራም ይወስዱ ነበር። ልብ ድካሙ፣ ስትሮኩና በልብ ሕመም መሞቱ በአንድ ላይ ተደምረው ሲታዩ ከሌሎቹ ይህ ነው በሚባል መጠን አልቀነሱላቸውም።

«ባለ 1000 ነው እኮ!»

እስቲ ያዙሩት። ፊቱ ላይ 1000 ሚሊግራም በትልቁ ተጽፏል። ጀርባው ላይ በደቃቅ ፊደል ኢፒኤ 180፣ ዲኤችኤ 120 ይላል። የሚፈለገው ኦሜጋ 3 ይኸው 300 ነው፤ የቀረው ሌላ ቅባት። ሺህ ብሎ ሦስት መቶ የሚሰፍር ባለ እህል ቢገጥምዎ ዝም ይሉታል?

«ለጎረቤቴ ሐኪም አዞላት የለ!»

አዎ፣ ትራይግሊሰራይድ የተባለው የደም ቅባት በጣም ሲበዛ ሐኪም የተጣራውን ዓይነት በቀን እስከ 4 ግራም ያዛል። ለእሷ የታዘዘው ደሟ ተመርምሮ ነው፤ ለእርስዎ ግን ሻንጣ ሲፈታ።

«ታዲያ ሁለት ሁለት ብውጠውስ? ዓሣ ምን ይጎዳል?»

ዓሣውን ይብሉ፣ በሳምንት ሁለቴ ቢያገኙ እሰየው። በጠርሙስ የታሸገው ዘይት ግን ሌላ ነው። መጠኑ ከፍ ባለባቸው ጥናቶች ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የተባለው የልብ ምት መዛባት በዝቶ ታይቷል። ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰውማ ሐኪሙን ሳይጠይቅ ባይነካው ይሻላል። በልኩ ለወሰደው ብዙውን ጊዜ ከዓሣ ዓሣ የሚል ግሳትና ከሆድ መረበሽ አያልፍም፤ እኔን ያስፈራኝ የተዉት ኪኒን ነው።

«ምንም አላመመኝማ!»

ግፊት መቼ አንኳኩቶ ገብቶ ያውቃል? ዘይቱ ቢቀንሰው እንኳ በጥቂቱ ነው፤ የኪኒኑን ሥራ አይሠራም። ነገ በጠዋት ጤና ጣቢያ አብረን እንሂድ፣ ይለኩ፣ ኪኒንዎን መተውዎንም ሳይደብቁ ይንገሯቸው።

«ልጄ ይከፋዋላ!»

አይከፋውም። ደውለው «በሚቀጥለው የግፊት መለኪያ ላክልኝ» ይበሉት።